83ቱ ካርዶች፦ ሥራ ሲያስጠላኝ የሞከርኩት ነጻ መሣሪያ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ሱቅ ውስጥ ስለማይሸጥ ነገር ነው። የወረቀት ካርዶች ናቸው፤ ብዛታቸው 83። ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳሉ፣ ፕሪንት ይደረጋሉ፣ በመቀስ ይቆረጣሉ፣ በቃ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ሰው በሕይወቱ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚችል አንድ ነገር ከአጭር ማብራሪያ ጋር ተጽፏል። ቤተሰብ፣ ጤና፣ ፍትሕ፣ ሀብት፣ ዝና፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ፣ እውቀት፣ ጓደኝነት፣ ጀብዱ፣ ይቅርታ፣ ሥልጣን፣ ብቻ ብዙ ነው። የእናንተ ሥራ መደርደር ነው። ለእኔ በጣም አስፈላጊው የቱ ነው? አስፈላጊ ሆኖ ያን ያህል ያልሆነው የቱ ነው? ባይኖርም ግድ የማይሰጠኝስ?

ሙሉ ስሙ የግል እሴቶች ካርድ ድርደራ እንደ ማለት ነው። እኛ ቤት ግን «ካርዶቹ» ነው የምንለው፤ እኔም እንደዚያው ልጥራው።

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። ሥራ አስጠልቷችሁ፣ ግን ለምን እንዳስጠላችሁ ማወቅ አቅቷችሁ ከሆነ ካርዶቹን ሞክሩ። ከሰማኋቸው የማነቃቂያ ንግግሮች ሁሉ የበለጠ ረድተውኛል። ያስጠላችሁ ደሞዙ የወር ወጪ ስለማይሸፍን፣ እንቅልፍ ስላጣችሁ ወይም ሐዘን ላይ ስለሆናችሁ ከሆነ ግን መልሱ ካርድ አይደለም። ወደዚህኛው ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጡ። ካርዶቹን ያዘጋጁት አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለርና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጊዜው 2001 እ.ኤ.አ. ነው። የቅጂ መብት አላስቀሩበትም። ማንም ሰው ሳያስፈቅድ ማባዛትም፣ ማሻሻልም፣ መጠቀምም ይችላል። ይሄን በጣም ነው የወደድኩት። ሰው የሰውን ጭንቀት ወደ ገንዘብ በሚቀይርበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ ክፍት ሆኖ መቀመጡ ያስመሰግናል።

ሚለር ይበልጥ የሚታወቁት ከመጠጥ ጋር ለሚታገሉ ሰዎች በሚሰጥ ምክር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ስለዚህ የምክር መንገድ ጽፈው፣ በኋላ ዌልስ ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት ባለሙያ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አስፋፍተውታል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሰውን «መጠጥ ተው፣ ለልጆችህ ስትል ተው» እያሉ ቢወተውቱት የመጠጡ ጠበቃ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለምን መለወጥ እንደሚፈልግ ራሱ በአፉ እንዲናገር ዕድል ከሰጡት ግን የተናገረው ነገር እሱኑ ይይዘዋል። ስለዚህ አማካሪው ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ የሰማውን መልሶ ይነግረዋል። ስብከት የለም። ካርዶቹ የመጡት ከዚህ ቤት ነው። የሚሠሩትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። መድረክ ላይ ያለው ሰው የሚነግራችሁ የራሱን ምክንያት ነው። ካርዶቹ ምንም አይነግሯችሁም። እናንተን ነው የሚያናግሯችሁ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሥራዬን ወድጄ የገባሁበት ነው፤ ነጥብ አንሶኝ የተመደብኩበት አይደለም። ግን ቀስ በቀስ ልቤ ወጣ። ክፍል እገባለሁ፣ ሰሌዳ እሞላለሁ፣ አጥፍቼ እወጣለሁ። ሌሰን ፕላን አስገባለሁ፣ ሮስተር እሞላለሁ፣ ስብሰባ እቀመጣለሁ። ቤት ስገባ ለማንም ለመናገር እንኳን አቅም የለኝም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። የቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ ሆነ። 2016 ላይ ወደ 5.4 ከፍ አለ፤ ያው ከፍ አለ ከተባለ። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ እኛ ያወራ ነበር። «መምህራኑ ምን እየሠሩ ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበላል። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደምናስተምር፣ ስምንተኛ ክፍልን እንዴት አልፎ እንደመጣ የማይታወቅ ልጅ ፊታችን ተቀምጦ ስለ አቶም ስንነግረው ምን እንደሚሰማን የሚጠይቅ ሰው አልገጠመኝም።

ምክር ግን ሞልቷል። «ዕረፍት ውሰጂ»፣ «የግል ትምህርት ቤት ግቢ»፣ «ንግድ ጀምሪ»። አንድ የማነቃቂያ ሥልጠናም ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ተናጋሪው ጎበዝ ነው፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ሰው ይነሳል ይቀመጣል፣ ከጎናችሁ ያለውን ሰው እጅ ይዛችሁ «አንተ አሸናፊ ነህ» በሉት ይባላል። ስወጣ በእውነት ብርታት ተሰምቶኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ክፍል በር ላይ ስደርስ ያ ብርታት አልነበረም። ተናጋሪውን አልወቅሰውም። አያውቀኝም፤ ምን እንደጎደለኝ በምን ሊያውቅ ይችላል?

ካርዶቹን የላከችልኝ የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ናት፤ በቴሌግራም። ፋይሉን አራት ኪሎ አካባቢ ጠንከር ባለ ወረቀት አሳተምኩት። ተራ ወረቀት ላይም ይሆናል፤ ግን ቶሎ ይጨማደዳል፣ ጀርባውም ያሳያል። ካርዶቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ከእያንዳንዱ ስር በአማርኛ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ይሄ ሥራ ረጅም ምሽት ይወስዳል። ግን አልቆጨኝም፤ እየጻፍኩ ስለ እያንዳንዱ ማሰብ ጀመርኩ።

መመሪያው ሦስት ክምር ሥሩ ይላል፦ ለእኔ አስፈላጊ ያልሆነ፣ አስፈላጊ፣ በጣም አስፈላጊ። ከዚያ ከመጨረሻው ክምር ዋና ዋናዎቹን ለዩ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። ከዚያ ተነጋገሩባቸው። ባዶ ካርዶችም አሉ፤ የጎደለ የመሰላችሁን ትጽፉባቸዋላችሁ።

አብረውኝ የደረደሩት ጋሼ ናቸው። ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። ስም አልጠራም፤ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ግን «ጋሼ» ሲባል ሁሉም የሚያውቀው እሳቸውን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ቤት ቡና ተፈልቶ ጠረጴዛው ላይ ካርዱን ዘረጋን።

የመጀመሪያው ዙር አልሠራም። ምክንያቱን መናገር ያለብኝ ይመስለኛል፤ እናንተም ይገጥማችኋልና። «በጣም አስፈላጊ» የሚለው ክምር ተራራ አከለ። ሌሎቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ጋሼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ቡና እየቀዱ፣ «ትሕትና» የሚለውን ካርድ አንስቼ «አስፈላጊ ያልሆነ» ላይ እንዴት ላስቀምጥ? «ይቅርታ»ንስ? «ለጋስነት»ንስ? ይሉኝታ አለ። ሰው ምን ይለኛል አለ። እሳቸውም እንደ እኔው ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው መሣሪያ ይሄንን አላሰበውም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘነው፦ ድርደራውን እያንዳንዳችን ለብቻችን፣ የየራሳችንን ሙሉ ካርድ ይዘን፣ ማንም ሳያይ ሠራን። ሰው ፊት ያቀረብነው የቀሩትን ጥቂቶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ።

ዋናው ነገር የሚመጣው ወደ አሥር፣ ከዚያ ወደ አምስት ስትቀንሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ጨዋታ ነው። ሁሉም ጥሩ ነገር ነው፤ ማን ጤና አይፈልግም? ማን ሰላም አይፈልግም? ሁለት ጥሩ ነገር ይዛችሁ አንዱን ብቻ አስቀሩ ስትባሉ ግን እጃችሁ አየር ላይ ይቆማል። «ሥርዓት» እና «ሐቀኝነት»። «መረጋጋት» እና «እውቀት»። «መወደድ» እና «ፍትሕ»። እዚህ ጋ አይቸኮልም። እኔ አንዱን ካርድ ይዤ ቡናው ሁለተኛው ድረስ ቆየሁ።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ» የሚለውን ካርድ ከውድድሩ አወጣሁት። ለእኔ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙበት ነው። ጋሼ አልተስማሙም። «ልጄ፣ ካላወዳደርሽው በምን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። እሳቸው ከነደረጃው አስቀምጠውታል። ሁለታችንም በያዝነው ጸናን። እናንተ እንደ እምነታችሁ ወስኑ።

የእኔ አምስት እነዚህ ናቸው፦ እውቀት፣ ቤተሰብ፣ ሐቀኝነት፣ ሌሎችን ኮትኩቶ ማሳደግ፣ ፍትሕ።

ይህን ብቻ አይቶ «እሺ፣ ጥሩ ሰው ነኝ» ብሎ መነሳት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል መሰለኝ፤ ያቆመም ሰው ካርዶቹ የማይረቡ ናቸው ቢል አልፈርድበትም። የሚሠራው ጥያቄው ነው። እያንዳንዱን ካርድ እያነሳችሁ ትጠያየቃላችሁ። ይሄ ለምን አስፈላጊ ሆነሽ? በሕይወትሽ የት ላይ ይታያል? ይበልጥ እንዲታይ ብትፈልጊ ምን ታደርጊ ነበር? እኛ ሁለተኛውን ጠበብ አደረግነው፦ ባለፈው ሳምንት የት ታየ? «በሕይወትሽ» ሲባል ሰው ያማረ ነገር ይናገራል። «ባለፈው ሳምንት» ሲባል ግን ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ መቁጠር አለበት።

ጋሼ «እውቀት»ን አንስተው «ባለፈው ሳምንት የት ታየ?» አሉኝ። አሰብኩ። ሰኞ ማስታወሻ አጻፍኩ። ማክሰኞ ማስታወሻ አጻፍኩ። ረቡዕ ስብሰባ። ሐሙስ ደብተር አረምኩ። ዓርብ የተከታታይ ምዘና ውጤት መዘገብኩ። አንድም ልጅ «ቲቸር፣ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም የማላውቀውን ነገር ፈልጌ አላነበብኩም። ኬሚስትሪ መምህር ሆኜ አንድ ሳምንት ሙሉ ኬሚስትሪ አልነካሁም ማለት ነው።

ቀጥለው «ሐቀኝነት»ን አነሱ። እዚህ ጋ ድምፄ ተለወጠ። በየመንፈቁ ሮስተር ሲዘጋ የሚመጣ ነገር አለ፤ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። «እነዚህ ልጆች ጥቂት ነው የጎደላቸው፣ ተባበሪ»። ተባበሪ ማለት ያልሠሩትን ማርክ ስጪ ማለት ነው። እኔ እምቢ እላለሁ። እምቢ ባልኩ ቁጥር ክርክር አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ ወይ ሐቀኛዋ» አለ። ይሄንን ለጋሼ ስናገር ለረጅም ጊዜ ድካም እያልኩ የምጠራው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ስንፍና አልነበረም። ከፍ አድርጌ ከያዝኳቸው አምስት ነገሮች አንዱ የሥራ ቀኔ ውስጥ ቦታ አጥቷል፣ ሌላው ደግሞ በየመንፈቁ ይደበደባል። በዚህ ላይ ማን ቢሆን ጉልበት ይተርፈዋል?

ለዚህ ነው ካርዶቹን ከማነቃቂያ ንግግር የማስበልጣቸው። ንግግሩ ጉልበት እንደጎደለኝ ቆጥሮ ጉልበት ሊሞላብኝ ሞከረ። ካርዶቹ ጉልበቴ በየት በኩል እንደሚያፈስ አሳዩኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ትልቅ ነገር አይደለም። ለእውቀት የሚሆን ቦታ ሳምንቴ ውስጥ አስገባሁ። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ አለው፤ ግን ኬሚካል ስለሌለ ተቆልፎ ይውላል። ስለዚህ ከገበያ ከርከዴ ገዛሁ። ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ሎሚ ብትጨምሩበት ቀይነቱ ይደምቃል፤ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የተጠለለ የአመድ ውሃ ብትጨምሩበት ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ቀለም አሲድና ቤዝን ይለያል። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ብርጭቆ ይበቃል። ከኋላ የሚቀመጥና ስሙን እንኳን በደንብ የማላውቀው ልጅ «ቲቸር፣ የአመዱን ውሃ አብዝተን ሎሚ ብንመልስበትስ፣ ወደ ቀይ ይመለሳል?» አለኝ። እስቲ ሞክረው አልኩት። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ሌላ ሰው ነበርኩ። በዚያው ማታ ስለ ዕፅዋት ቀለም ማንበብ ጀመርኩ።

የማርኩ ጉዳይ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ለዲፓርትመንቱ አንድ ሐሳብ ይዤ ቀረብኩ፦ ማርክ ከመጨመር፣ ለጎደላቸው ልጆች ቲቶሪያል እንስጥና ድጋሚ እንፈትናቸው። ግማሹ ተቀበለ፣ ግማሹ «ተጨማሪ ሥራ» አለ። ልክ ናቸው፤ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ክፍያም የለውም። ግን አሁን «ተባበሪ» ስባል የምመልሰው ነገር አለኝ። እምቢታ ብቻ ይዤ ከመቆም በጣም ይሻላል።

ጋሼ ደግሞ አንደኛ ያደረጉት «አገልግሎት»ን ነበር። ጡረታ ለምን እንደሚያስፈራቸው ያኔ ተናገሩ። እኔ ገንዘቡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ማን ይፈልገኛል?» ነው ያሉት። አሁን ለሰፈር ልጆች ሒሳብ ማስጠናት ጀምረዋል፤ ጡረታውን ሳይጠብቁ።

ይሄ የእኔ ብቻ ገጠመኝ እንዳይመስላችሁ ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። አዳም ግራንት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው አለ። በአሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለቀድሞ ተማሪዎች እየደወሉ ለስኮላርሺፕ ገንዘብ የሚለምኑ ሠራተኞች ነበሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው ይዘጋባቸዋል። ከመካከላቸው የተወሰኑት በዚያ ገንዘብ የሚማር አንድ ተማሪ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያገኙ ተደረገ። ከወር በኋላ ሲታይ እነዚያ ሠራተኞች ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ 142 ከመቶ፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብ 171 ከመቶ ጨምሯል። ደሞዝ አልተጨመረም። አለቃ አልተቆጣም። ሥራው ለማን እንደሚደርስ በዓይናቸው አዩ፣ በቃ።

ሁለተኛው የጄፍሪ ኮኸንና የባልደረቦቹ ነው፤ 2006 እ.ኤ.አ.። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከፍ አድርገው የሚይዙትን ነገር መርጠው ለምን እንደሆነ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ጻፉ። የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውጤት ተሻሻለ፤ ከነጮቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት ወደ 40 ከመቶ ጠበበ። በኋላ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ላይ ሲደገም ውጤቱ አነስ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ እንደ ፈውስ አትውሰዱት። ግን ሰው የቆመበትን ነገር ማስታወሱ ብቻውን ጉልበት እንደሚሰጥ እኔ አምናለሁ፤ በራሴም አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ትልቁ ጉድለት ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ እኩል ተዘርግተው መቀመጣቸው ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣላ አያሳዩም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሻሎም ሽዋርዝ በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አሠራር በዚህ በኩል ይሻላል። አሥር ዋና እሴቶችን በክብ ያስቀምጣሉ። ጎረቤት የሆኑት ይስማማሉ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ይጋጫሉ። ለራስ ስኬት መሮጥ ለሌላው ከማሰብ ጋር ይፋጠጣል፤ አዲስ ነገር መሻት ከደኅንነትና ከልማድ ጋር። ይሄ ካርዶቹ ላይ የለም። እኔ «ፍትሕ» እና «ቤተሰብ» ሁለቱንም አምስቱ ውስጥ አስገብቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቲቶሪያሉ ሲጀመር የተሰረቀው ሰዓት ልጄን የማስጠናበት ሰዓት ሆነ። አሁን ከባለቤቴ ጋር ቀን ተካፍለናል። ግን ካርዶቹ ይሄ እንደሚመጣ ምንም ፍንጭ አይሰጡም። ስትደረድሩ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢመጡብኝስ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሁለተኛው የእኛ አኗኗር ውስጥ ከባድ የሆኑ ነገሮች መጉደላቸው ነው። «አደራ» የለም። እናት አባትን መጦር ራሱን ችሎ የለም። እድር ውስጥ የምናውቀው፣ በደስታም በሐዘንም መገኘት የሚባለው ነገር የለም። «ትውፊት» የሚል ካርድ አለ፤ ግን እሱ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ስለ እህቴ ልናገር። እህቴ ጅዳ ነው የምትሠራው፣ ሰው ቤት። ካርዶቹን ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና በስልክ እያወራን ደረደረች። «ሀብት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ማብራሪያው ብዙ ገንዘብ እንዲኖረኝ የሚል ነው። «እኔ ብዙ ገንዘብ አልፈልግም፤ ግን የወጣሁት ለገንዘብ ነው፣ ታዲያ የት ላድርገው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእሷ ገንዘብ ማለት የእማዬ ቤት ጣሪያና የታናሽ ወንድማችን ትምህርት ነው። በመጨረሻ ባዶ ካርድ ላይ «እናቴን ማሳረፍ» ብላ ጻፈች። አንደኛ አደረገችው። ከዚያ ስናወራ ሌላ ነገር ወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ስትልክ ገንዘቡ ምን እንደሠራ ማንም ነግሯት አያውቅም። ሲልኩላት የኖሩት ቀጣዩን ጥያቄ ነው። አሁን ወንድማችን በየወሩ የሠራውን ፎቶ ይልክላታል፦ የተቀየረውን ቆርቆሮ፣ የተከፈለበትን የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ እማዬ አዲስ ጋቢ ለብሳ። ከላይ ያነሳሁት የስልክ ሠራተኞቹ ጥናት ማለት ይሄ ነው። ውጭ ሀገር ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ካርድ ባትደረድሩ እንኳን ይሄን አድርጉ።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ከዘመድ ጋር ለመደርደር የሚያሳፍሩ ካርዶች አሉ። የፍቅርና የአልጋ ጉዳይን የሚያነሱትን ከአማቶቻችሁ ጋር ስትቀመጡ አስቀድማችሁ አውጧቸው። ከትዳር ጓደኛ ጋር ብቻ ከሆናችሁ ግን ተዉአቸው፤ ጥሩ ወሬ ያመጣሉ።

ከዚህ ሌላ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው የሚሞክረው ነጻ መጠይቅ አለ፤ ፒተርሰንና ሴሊግማን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት 24 የባሕርይ ጥንካሬዎች ላይ የተመሠረተው። ጥሩ ነው፣ በፍጥነት ያልቃል፣ ውጤቱን ራሱ ደርድሮ ይሰጣችኋል። ጉዳዩ እዚያው ላይ ነው። ደርድሮ ስለሚሰጣችሁ እናንተ አትደክሙም፤ ምንም ነገር ጥላችሁ ምንም ነገር አታስቀሩም። በምን እንደምትበረቱ ይነግራችኋል። ለምን እንደምትደክሙ ለማወቅ ግን ካርዶቹ ይሻሉኛል።

አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት። ደሞዝ የቤት ኪራይ ካልሸፈነ ችግሩ ደሞዙ ነው። ማንም አለቃ «እሴታችሁን ፈልጉ» እያለ የደሞዝ ጥያቄን እንዲያልፍበት አልፈልግም፤ ካርዶቹን ለዚህ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ካያችሁ አትቀበሉት። እንዲሁም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ምንም ነገር ደስ የማይላችሁ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የተዛባባችሁ፣ መኖር ራሱ የከበዳችሁ ከሆነ ይሄ የሥራ መሰልቸት ላይሆን ይችላል። ድባቴ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ካርዶቹን የላከችልኝ ነርስ ጓደኛዬም መጀመሪያ የጠየቀችኝ እንቅልፌን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉን የላከችው።

ለምትሞክሩት ጥቂት ምክር። ተርባችሁ ወይም ከሥራ እንደወጣችሁ አትጀምሩ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አንደኛ የሚያደርገው «ምቾት»ን ነው። ብቻችሁን ደርድሩ፣ ሁለት ሆናችሁ ተነጋገሩ። የሚያናግራችሁ ሰው መካሪ አይሁን፤ ጠያቂ ይሁን። ጋሼ ያን ቀን አንድም ጊዜ «እንዲህ አድርጊ» አላሉኝም። የመጨረሻዎቹን አምስት ፎቶ አንሷቸው። ከጊዜ በኋላ ድገሙት፤ የተናደዳችሁበት ሳምንት ድርደራና የዕረፍት ሳምንት ድርደራ አንድ አይሆንም። ሁለቱም ላይ ሳይነቃነቁ የቀሩትን ይበልጥ እመኑ። አጽዋማት ላይ ሱባኤ የምትገቡ ሰዎች ይሄን ቆም ብሎ ራስን የመመርመር ልማድ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለተጋጩት እሴቶችና ለጎደሉት ካርዶች ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ ለ11ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ልጆች የሚሆን ማዘጋጀት ነው። ከ83ቱ ለዕድሜያቸው የማይሆኑትን አውጥቼ፣ «አደራ»ን፣ «ወላጅን መጦር»ን እና የእህቴን ካርድ ጨምሬ፣ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ እየጻፍኩት ነው። ሲያልቅ ፋይሉን እዚሁ በነጻ አስቀምጠዋለሁ። መምህራን የሆናችሁ፣ ልጆቹ ላይ መጨመር ያለበት ካርድ ካለ ጻፉልኝ።